ከሶኬቱ ጀምሩ፦ ደሴ ላይ በትንሽ ብር የጌም ኮምፒውተር መምረጥ

ደሴ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሳ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው፤ ካርድ የሚለው የጌሙን ምስል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነው። ሻጩ «አራት ጊጋ፣ አብሽር» ይላል፤ ድርድሩ ከዚያ ይቀጥላል። በእኔ ግምት ግን መብራቱ ማታ ማታ በሚዋዥቅባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ሰፈሮች የዕቃ ምርጫ መጀመር ያለበት ከግድግዳው ሶኬት ነው። ከሶኬቱ ወደ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ክፍል)፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ፣ ካርዱ መጨረሻ። ደካማ ካርድ የሚያስከፍለው ጌሙን ዝቅ ባለ ሴቲንግ መጫወት ነው። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ግን ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ማዘርቦርድና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የብር ቁጥር አልጽፍም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይደርስም። ክፍፍሉ ግን ቶሎ አያረጅም፦ ካላችሁ ገንዘብ ከመቶ 35 እስከ 40 ለካርድ፣ ከመቶ 15 ለመብራቱ ጉዳይ፣ የቀረው ለሳጥኑ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለሞኒተሩ። ለመብራት 15 መመደብ ብዙ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለ «ተቃጥሎብኛል፣ ቀይሩልኝ» ብሎ ዕቃ መመለስ ምን እንደሚመስል ያስብ።

እስቲ አንድ ፓወር ሰፕላይ ገልብጠን ጎኑን እንይ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዉት። ጎኑ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ አለ፤ እዚያ ውስጥ 12 ቮልት የሚለውን ረድፍ ፈልጉና ስንት አምፒር እንደሚል አንብቡ። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት በዋናነት ከእሱ ነው። 12 ቮልት በ18 አምፒር ሲባዛ 216 ዋት ነው። ፊቱ ላይ «500 ዋት» ተብሎበት ጎኑ ላይ 18 አምፒር ካለ፣ ለጌም የሚጠቅማችሁ 216 ዋቱ ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው። ደህና የሚባል የ450 ዋት ዕቃ በ12 ቮልት ላይ 35 አምፒር አካባቢ ያሳያል። የ12 ቮልት ረድፍ ሁለት ሆኖ ከመጣ ሁለቱን አትደምሩ፤ ከሥራቸው የጋራ ጣሪያ የሚል ቁጥር አለ፣ እሱን ያዙ።

እዚያው ሠንጠረዥ ላይ የግብዓት መስመር አለ፤ ለእኛ ከዋቱም በላይ የሚናገረው እሱ ነው። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል። «200–240» የሚል ከሆነ በዚያው ሰዓት ኮምፒውተሩ ድርግም ሊል ይችላል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ከማለት በቀር መብራት አልሄደም፣ ባለቤቱም ዊንዶውሱን ይወነጅላል፣ ፎርማት ያስደርጋል፣ በማግስቱ ማታ እንደገና ይጠፋል። ሦስተኛው ዓይነት ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ያለው ነው። መቀየሪያው 115 ላይ ተረስቶ ከሶኬታችን ጋር ከተገናኘ ጧ ይላል፣ ጭስ ይከተላል፣ አለቀ። ቀይ መቀየሪያ ያለበትን ፓወር ሰፕላይ ለጌም ኮምፒውተር ጨርሶ አልመክርም፤ የግድ ከሆነ መቀየሪያውን 230 ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉበት። በእጅ ሲይዙት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይም ይለፋችሁ። ውስጡ መኖር ያለበት መዳብና አሉሚኒየም የለም ማለት ነው።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ምን እንደሚሰጥ ይታወቅ። ገበያ ላይ የተለመደው የ650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ገደማ ነው፤ ውስጡ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ጌም ላይ 200 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ከዚያ ላይ የሚያገኘው ከ10 ደቂቃ በታች ነው። ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፣ ግጥሚያ ለመጨረስ አይበቃም። ያገለገለ ዩፒኤስ ከገዛችሁ ባትሪው ሞቷል ብላችሁ አስቡና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ደምሩበት። ዩፒኤስ የማይገዛ ሰው ቢያንስ ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን መከላከያ ይግዛ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ፣ ሄድ መጣ በሚልባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው።

በነፃ የሚሠራ አንድ ነገርም አለ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ግቡና መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚለውን ቅንብር ፈልጉ፤ ዴል ላይ «ኤሲ ሪከቨሪ» ይባላል፣ ኤችፒ ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ»። «ፓወር ኦፍ» ላይ ይቀመጥ። ካለዚያ መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄድ መጣ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩም ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አልነሳ ቢል አይገርምም።

ሳጥኑን ስትነኩት ይነዝራል? ሶኬቱ ምድር የለውም ማለት ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች የመሥመሩን ቮልት ግማሽ ያህል ወደ ብረቱ ያሳልፉታል፤ መሬት የሚወስደው ሽቦ ከሌለ እናንተን ይፈልጋል። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ሰው አይገድልም፤ ግን ካርድ ወይም ራም ስትሰኩ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል። ዘላቂው መፍትሔ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ምድር ማስቀበር ነው። ዲቫይደሩ ሦስተኛ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ምድር አለ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሳጥኑ። (ሙሉውን ሳጥን «ሲፒዩ» ማለት ለምዶብናል፤ እዚህ ሲፒዩ ስል ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው።) በትንሽ ብር ለሚነሳ ሰው ሁሉንም አዲስ ገዝቶ ከመገጣጠም ከውጭ ቢሮዎች ወጥቶ የመጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስላሻቀበ ደግሞ ራሙን ይዞ የመጣ ሳጥን ይበልጥ አዋጭ ሆኗል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማርና ቀን አውቶካድ፣ ማታ ዶታ 2 የሚከፍት ተማሪ ከዚህ ሌላ ባይፈልግ አልፈርድበትም።

ጀነሬሽኑን መለየት ቀላል ነው፤ ከኮር አይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር መጀመሪያው ጀነሬሽኑ ነው። 4590 አራተኛ፣ 6500 ስድስተኛ፣ 8500 ስምንተኛ ነው። 4590 እና 6500 አራት ኮር አላቸው፤ 8500 ስድስት። ለካውንተር ስትራይክ 2፣ ለዶታ 2፣ ለጂቲኤ 5 ባለ አራቱ ኮር ይገፋል፤ አዳዲስ ጌሞች ላይ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ይሆናል፣ ጨዋታው በየመሃሉ ይደነቃቀፋል። ከዚህም ሌላ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። በጎን መንገድ ስድስተኛው ላይም ይጫናል፤ ቫሎራንት ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የማዘርቦርድ ደኅንነት መጠበቂያዎች ካላገኘ አይከፍትም። ገንዘባችሁ ከቻለ ስምንተኛውን ያዙ። ካልቻለ ስድስተኛው። አራተኛው በጣም ከረከሰ ብቻ፤ ራሙም የቆየው ዓይነት፣ ዲዲአር3፣ ስለሆነ ነገ ወደ ሌላ ሳጥን አይሻገርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። የስድስተኛ፣ የሰባተኛ፣ የስምንተኛና የዘጠነኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮች መቀመጫቸው በመልክ አንድ ነው፤ ሲያስቀምጡት ቁጭ ይላል። ነገር ግን ለስድስተኛና ለሰባተኛ ጀነሬሽን በተሠራው ኦፕቲፕሌክስ 7050 ላይ 8500 አስቀምጣችሁ ብታበሩ ምስል አይመጣም። ማዘርቦርዱ አያውቀውም። «ስድስተኛውን አሁን ልግዛ፣ ፕሮሰሰሩን በኋላ ወደ ስምንተኛ አሳድጋለሁ» የሚል ዕቅድ ካላችሁ ከአሁኑ ሰርዙት። ጣሪያው የዚያው ቤተሰብ አይ ሰቨን፣ ማለትም 6700 ወይም 7700 ነው።

ከጀነሬሽኑ እኩል የሚያሳስበው የሳጥኑ ቁመና ነው። ቀጭኑ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ያምራል፣ ይረክሳልም፤ ግን የሚቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩም ትንሽ ነው። የ7050 ቀጭኑ 180 ዋት ይዞ ይመጣል። ከማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ ብቻ የሚገኘው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ግድ ይሆናል። ትልቁ፣ ታወር የሚባለው፣ ረጅም ካርድ ያስገባል። ሆኖም «ፓወር ሰፕላዩን ቀይሬ ትልቅ ካርድ አስገባለሁ» ከማለታችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱና ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ዋና ሶኬት ቁጠሩ። የተለመደው ባለ 24 ፒን ነው፤ የድሮው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር ይህ አለው። 9020 ባለ 8 ፒን የራሱን አምጥቷል፣ ብዙ ኤችፒዎች ደግሞ ባለ 6 ፒን። ከ24 ወደ 8 ወይም ወደ 6 የሚቀይር ገመድ አለ፤ ከተማው ውስጥ ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ ፓወር ሰፕላይ አትግዙ።

ገመድ ካነሳን፣ ሳታ ከሚባለው የዲስክ ሶኬት ወደ ካርድ ባለ 6 ፒን የሚያሸጋግረውን ርካሽ ገመድ አትጠቀሙ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የሳታ ሶኬት ለ12 ቮልት ሦስት ፒን አለው፣ እያንዳንዱ 1.5 አምፒር ይችላል፤ ሲደመር 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ካርድ በዚያ በኩል እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሽታው የሚመጣው ጌሙ በተጋጋለ ሰዓት ነው።

ለቀጭን ሳጥን የካርድ ምርጫው ጠባብ ነው፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650፣ ሁለቱም 4 ጊጋ፣ ሁለቱም 75 ዋት፤ ገንዘብ ለጨመረ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው፣ 70 ዋት። ሁሉም በአጭር ቁመት የተሠራ ዓይነት አላቸው፤ በረጅሙም ስላሉ ግን ስሙ ብቻ አያስተማምንም። 1650 አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ገመድ ይጠይቃል፣ ጀርባውን አይታችሁ ግዙ። አርኤክስ 6400 ዋጋው ያጓጓል፣ የሚበላውም 53 ዋት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ለእነዚህ ሳጥኖች አልመርጠውም። ከማዘርቦርድ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ የካርድ መሰኪያው (ፒሲአይኢ) ገና ሦስተኛ ትውልድ በሆነው እንደ 7050 ባለ ሳጥን ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቪዲዮ መቅጃ አካልም የለውም። ጨዋታውን ቀድቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የሚፈልግ ልጅ ያዝንበታል።

ለታወርና ደህና ፓወር ሰፕላይ ላለው አርኤክስ 6600 (8 ጊጋ፣ 132 ዋት) ወይም ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር (6 ጊጋ፣ 125 ዋት) ከተገኘ ደስ ይላል። አርኤክስ 580 በየቴሌግራሙ ሞልቷል፤ 185 ዋት ይበላል፣ ብዙውም ቀን ከሌት ክሪፕቶ ሲቆፍር የኖረ ነው። ያ ብቻውን አይገድለውም፤ ፋኑና ሙቀት አስተላላፊው ፔስት ግን አልቀዋል ብላችሁ ተነሱ። ስሙም አንድ ሆኖ ሁለት ዓይነት ነው፦ ትክክለኛው 2304 ኮር፣ ሌላው 2048። የባሰው ደግሞ የፈጠራ 1050 ቲአይ ነው። የድሮ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል፤ ዊንዶውስም ስሙን አምኖ ያሳያል። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር ያሳያል፣ ሐሰተኛው 192። ፕሮግራሙ ራሱም ብዙውን ሐሰተኛ ያጋልጣል። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ኃይል የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል መፈተሻ 15 ደቂቃ ታስኬዱበታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም ሰንበር ከመጣ ሜሞሪው ነው፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ድርግም ካለ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ፤ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ካለፈ መጽዳትና ፔስት ይፈልጋል። ሻጩ «15 ደቂቃ ምን ያደርግልሃል፣ ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» ካለ ቡና ጋብዙት፣ 15 ደቂቃው እዚያው ያልቃል።

ሁሉንም አዲስ ልግጠም ለሚል ባጭሩ፦ ከፕሮሰሰር የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ወይም የኢንቴል ኮር አይ ስሪ 12100ኤፍ። ሁለቱም ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያወጡም፤ የኢንቴሉ «ኤፍ» ፊደል ትርጉሟ ያ ነው። ካርዱን በሚቀጥለው ወር ለመግዛት ያሰበ ሰው 5600ጂ ይውሰድ፣ በውስጡ ባለው ግራፊክስ እስከዚያ ይጫወታል። ለ5600 የቆየ ቢ450 ማዘርቦርድ ከገዛችሁ ባዮሱ መታደሱን አስረግጣችሁ ጠይቁ። ካልታደሰ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ማደሻ የሚሆን የድሮ ራይዘን ደግሞ ደሴ ውስጥ ከማን ይለመናል?

ራም 16 ጊጋ ይሁን፣ ከተቻለ 8 እና 8፤ ሁለት ፍሬ ሲሆን መንገዱ ሁለት ይሆናል። በተለይ እንደ 5600ጂ ያለ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ በአንድ ፍሬና በሁለት ፍሬ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን ያያል።

ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ 500 ጊጋ ገደማ። 256ቱ ይበቃል የሚል ካለ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። በ8 ሜጋ ቢት መስመር ይህን ማውረድ አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ነው፣ ያውም መብራት ካልሄደ። ስለዚህ ጌም ያለው ጓደኛ ጋ ኤክስተርናል ይዞ መሄድ ዱሮም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ የስቲምን የጌም ፎልደር ገልብጣችሁ ቦታው ላይ ካስቀመጣችሁት «ኢንስቶል» ስትሉት ያለውን አረጋግጦ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ሞኒተር ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት መሰኪያውን እዩ። ከቢሮ የመጡት ባለ 19 እና 22 ኢንች ሞኒተሮች ብዙዎቹ የሚያውቁት ቪጂኤ ነው፤ አዲስ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። ከዲቪአይ-ዲ ወደ ቪጂኤ ተብሎ የሚሸጠው ተራ ማያያዣ ምንም አያመጣም። እነዚህ ሞኒተሮች 60 ሄርዝ ስለሆኑም 140 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ የምታዩት 60ውን ነው። ሌላም አለ፦ ካርድ ገጥሞ የሞኒተሩን ገመድ የድሮው ማዘርቦርድ መሰኪያ ላይ የተወ ሰው «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ይመልሳል። በየሱቁ ከሚመለሱት «የተበላሹ» ካርዶች ስንቱ በዚህ እንደሆነ ቢቆጠር ጥሩ ነበር።

ስለ አየር የሚያነሳ የለም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። በዚህ ከፍታ የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ያህል ሳስቷል፤ ፋን በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጦሳ ተራራ ብርድ ይካካሰዋል፣ ማታማ ጭራሽ ያተርፋል። የሚጎዳው ኮምቦልቻ ነው፤ አየሩ ያው ቀጭን፣ ቀኑ ግን ሞቃት፣ አቧራው ከላይ። እዚያ የሚኖር ሰው ከፊት አንድ ተጨማሪ ፋን ያስገባ። ሁለቱም ከተሞች ላይ ግን ዋናው ጠላት ሳሎን ነው። ቡና በሚፈላበት ክፍል ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ራዲያተሩ ላይ ሙጫ ነገር ይለብሳል፣ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ በብሩሽ አይለቅም። በየሦስት ወሩ ሳጥኑን ውጭ አውጥቶ መንፋት ሳይለጠፍ በፊት ነው የሚያዋጣው። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በአየር ኃይል በፍጥነት ከተሽከረከረ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ማዞሪያውም ይላላል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በመኪና የሚላክ ከሆነ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ካርድ መሰኪያው ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ መሰኪያውን ይሰነጥቃል፤ ሲደርስ ሁሉም ነገር ሙሉ ይመስላል፣ ምስል ግን የለም። ምስል ከሌለ መጀመሪያ ራሙን ነቅላችሁ፣ የወርቅ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ጠርጋችሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል መልሱት። ከቢሮ በመጣ ሳጥን ላይ አብዛኛው «አይሠራም» እዚያ ያልቃል።

ተነስቶ ከሠራ በኋላም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ከተመለሰና ድረ ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ካስቸገረ ቫይረስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፣ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ አልቃለች። ሰዓት ሠሪዎች ጋ አትጠፋም፤ ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ መያዣዋን በጥፍር ገፋ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አዲሷን አስገቡ፣ ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ሰዓቱንና ያችን «ኤሲ ሪከቨሪ» እንደገና አስተካክሉ፤ ባትሪዋ ስትወጣ እሷም ወደ ነበረችበት ተመልሳ ይሆናል።